የኢትዮጵያና የኬንያ የዕዳና የውጭ ምንዛሪ ቀውስ፦ ንጽጽር ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን አንጻር

የኢትዮጵያና የኬንያ የዕዳና የውጭ ምንዛሪ ቀውስ ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ከ2012 እስከ 2017 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ያለፉበት የኢኮኖሚ ችግር ነው። ሁለቱም አገሮች በተመሳሳይ ዓመት (እ.ኤ.አ. 2014) ወደ ዓለም አቀፍ የቦንድ ገበያ ገብተው በዶላር ተበደሩ፤ የሁለቱም የአሥር ዓመት ብድር መክፈያ እ.ኤ.አ. 2024 ላይ ወደቀ። ኬንያ ዕዳዋን በቀኑ ከፈለች። ኢትዮጵያ ግን የመክፈያው ቀን ሳይደርስ የወለድ ክፍያውን አቋረጠች። ይህ መጣጥፍ የሁለቱን አገሮች መንገድ ያነጻጽራል፤ ቀውሱ ከባንክና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጥቶ ወደ ገበሬና ወደ ሸማኔ እንዴት እንደደረሰም በጋሞ ዞን ምሳሌነት ያሳያል።

በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብለው የተጻፉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉት «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት አላቸው።

መነሻ፦ ሁለቱ ቦንዶች

ዩሮቦንድ ማለት አንድ መንግሥት ከራሱ ገንዘብ ውጭ፣ ብዙውን ጊዜ በዶላር፣ ከውጭ ባለሀብቶች የሚበደርበት የዕዳ ሰነድ ነው። በስሙ «ዩሮ» የሚል ቃል ቢኖርም ከአውሮፓ ገንዘብ ጋር የግድ አይገናኝም። አበዳሪው በየስድስት ወሩ ወለድ ይቀበላል፤ ዋናው ገንዘብ ደግሞ በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ይከፈላል።

ኬንያ የመጀመሪያውን ዩሮቦንድ ያወጣችው በሰኔ 2006 ዓ.ም. ነበር። ከእርሱ ውስጥ የአሥር ዓመቱ ክፍል ወለድ 6.875 በመቶ ሲሆን፣ በዚያው የአውሮፓ ዓመት መጨረሻ ተጨማሪ ተሸጦበት 2 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. 1 ቢሊዮን ዶላር በ6.625 በመቶ ወለድ ለአሥር ዓመት ተበደረች። ጊዜው የሀብታም አገሮች የወለድ መጠን ዝቅ ያለበት ስለነበር ባለሀብቶች የተሻለ ወለድ ፍለጋ ወደ አፍሪካ ይመለከቱ ነበር።

ከቦንዱ ጎን ለጎን ሁለቱም አገሮች ከቻይና ብዙ ተበድረዋል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ2016፣ የሞምባሳ–ናይሮቢ መስመር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቁ፤ ሁለቱም በአብዛኛው በቻይና ብድር የተሠሩ ናቸው። ባቡሩ የሚሰበስበው ገቢ በብርና በሺሊንግ ሲሆን፣ ብድሩ ግን የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ይህ አለመመጣጠን የሁለቱም አገሮች ቀውስ ሥር ነው ማለት ይቻላል።

የጋራ ምክንያቶች

ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ሁለቱን አገሮች በተከታታይ የመቱ ችግሮች ተመሳሳይ ናቸው። የኮሮና ወረርሽኝ ቱሪዝምን አቆመ፤ ድርቅ የኢትዮጵያን ሶማሌ ክልልና ቦረናን፣ በኬንያም ሰሜናዊውን ክፍል ለተከታታይ ዓመታት ጎዳ። የዩክሬን ጦርነት የነዳጅ፣ የስንዴና የማዳበሪያ ዋጋ አናረ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ሲጨምር ደግሞ ለድሃ አገሮች አዲስ ብድር ማግኘት ውድ ሆነ።

በኢትዮጵያ ላይ ግን ሌላ ሸክም ተጨመረ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት ከሰው ሕይወት በተጨማሪ በጀትንና የውጭ እርዳታን ጎዳ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል አስወጣች። በ2015 በጀት ዓመት አገሪቱ ከሸቀጥ ወጪ ንግድ ያገኘችው 3.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ለገቢ ዕቃዎች ያወጣችው ከዚህ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር።

ኬንያ፦ በዋጋ የታየ ቀውስ

የኬንያ ሺሊንግ ከኢትዮጵያ ብር ይልቅ ለገበያ የተተወ ገንዘብ ነው። በ2012 ዓ.ም. አንድ ዶላር ወደ 101 ሺሊንግ ገደማ ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. 160 ሺሊንግ ደረሰ። መጋቢውም ሾፌሩም የሺሊንግን መዳከም የሚያዩት በዋጋ ነበር። የነዳጅ ዋጋ በየወሩ በይፋ ይታወጃል፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ አንድ ሊትር ቤንዚን ለመጀመሪያ ጊዜ ከ200 ሺሊንግ አለፈ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በነዳጅ ላይ የሚጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ከደመወዝ ላይም 1.5 በመቶ ለቤቶች ልማት እንዲቆረጥ ተወስኗል።

የዶላር እጥረት በኬንያም ነበር። ባንኮች የሚጠቅሱት ዋጋና ደንበኛው በእርግጥ የሚከፍለው የተለያየበት ጊዜ ነበር፤ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2023 ነዳጅ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ኩባንያዎች በዱቤ እንዲገባ ስምምነት አደረገ። ይሁንና ዕቃው ከገበያ አልጠፋም፤ ተወደደ እንጂ።

ትልቁ ፍርሃት በሰኔ 2016 ዓ.ም. የሚከፈለው የ2 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ነበር። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኬንያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ቦንድ ሸጠች፤ በዚያም ገንዘብ የአሮጌውን ቦንድ አብዛኛውን ክፍል አስቀድማ ገዛች። ፍርሃቱ ረገበ፤ ሺሊንግም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አገግሞ ወደ 130 ተመለሰ። የአዲሱ ቦንድ ወለድ ግን 9.75 በመቶ ነው። በቀላል ስሌት፣ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ ከ6.875 ወደ 9.75 በመቶ መሸጋገር በዓመት ወደ 43 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ወለድ ማለት ነው። ኬንያ ዕዳዋን ከፈለች ሲባል አሮጌውን ዕዳ በውድ አዲስ ዕዳ ተካች ማለትም ነው።

ይህ ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በግንቦትና በሰኔ 2016 ዓ.ም. ወደ አደባባይ ወጣ። መንግሥት 346 ቢሊዮን ሺሊንግ ገደማ ተጨማሪ ገቢ ለመሰብሰብ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ አቀረበ። በማኅበራዊ ሚዲያ የተጠራሩ ወጣቶች በብዙ ከተሞች ሰልፍ ወጡ። ሰኔ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ረቂቁ በፓርላማ ጸደቀ፤ በዚያው ዕለት ሰልፈኞች ወደ ፓርላማው ግቢ ገቡ፤ ፖሊስም ተኮሰ። የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከሳምንት በኋላ ባወጣው ቁጥር 39 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ፕሬዚዳንት ዊሊያም ሩቶ በማግሥቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙ አስታወቁ፤ በሐምሌ መጀመሪያም አብዛኞቹን ሚኒስትሮች አሰናበቱ።

ኢትዮጵያ፦ በወረፋ የታየ ቀውስ

በኢትዮጵያ የብር ምንዛሪ ተመን በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ነበር። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ይፋዊው ተመን በዶላር 57 ብር አካባቢ ሲሆን፣ በትይዩው ወይም በተለምዶ «ጥቁር ገበያ» በሚባለው ግን ከ100 ብር በላይ ነበር። ተመኑ ዝቅ ብሎ ሲያዝ ዶላር ርካሽ አይሆንም፤ ይጠፋል እንጂ። አስመጪው ከባንክ ዶላር ለማግኘት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት መኪናን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ከለከለ።

ስለዚህ ቀውሱ በኢትዮጵያ በሁለት መልክ ታየ። አንደኛው እጥረት ነው፤ የመለዋወጫ፣ የመድኃኒት፣ የነዳጅ። ሁለተኛው የዋጋ ንረት ነው። ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ በግንቦት 2014 ዓ.ም. 37 በመቶ ደረሰ፤ የኬንያ ከፍተኛው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተመዘገበው 9.6 በመቶ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት ይህን ማስላት ይበቃል፦ ዋጋ በየዓመቱ 30 በመቶ ቢጨምር 100 ብር ይሸጥ የነበረ ዕቃ በሦስት ዓመት 220 ብር ገደማ ይሆናል፤ በ9 በመቶ ቢጨምር ግን 130 ገደማ ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዛምቢያና ከቻድ ጋር የቡድን 20 «የጋራ ማዕቀፍ» በሚባለው የዕዳ ማሸጋሸጊያ ሥርዓት እንድትስተናገድ ጠየቀች። ሂደቱ በጦርነቱ ምክንያት ተጓተተ። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት 33 ሚሊዮን ዶላር የሆነውን የቦንድ ወለድ ሳይከፍል ቀረ፤ የ14 ቀናት የእፎይታ ጊዜውም ታኅሣሥ 15 ቀን አለፈ። የገንዘብ ሚኒስቴር የሰጠው ምክንያት ሁሉንም አበዳሪዎች በእኩል ለማስተናገድ ነው የሚል ነበር፤ መንግሥታት የሆኑ አበዳሪዎች ክፍያ ለጊዜው እንዲቆም ተስማምተው ነበርና።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አዲስ መመሪያ አወጣ። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ከ57 ብር ገደማ ወደ 75 ብር ገደማ ወጣ፤ በቀጣዩ ወር 100 ብርን አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት 125 ብር አካባቢ ደረሰ። በዚያው ሰኞ የዓለም ገንዘብ ድርጅት የ4 ዓመት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ፤ በማግሥቱም የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። በ38ቱ ዕቃዎች ላይ የነበረው እገዳ ተነሣ፤ ላኪዎችም ከሚያገኙት የውጭ ምንዛሪ ግማሹን እንዲይዙ ተፈቀደላቸው።

ብዙዎች ዋጋ በአንድ ሌሊት በእጥፍ ይጨምራል ብለው ፈርተው ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። 200 ዶላር የሚገዛ የመኪና ጎማ በይፋዊው ተመን 11,500 ብር ነው። ነገር ግን አስመጪው ዶላሩን በትይዩ ገበያ በ110 ብር ከገዛው ዋጋው አስቀድሞ 22,000 ብር ደርሷል። ተመኑ 125 ሲሆን 25,000 ብር ይሆናል። ሸማቹ የተመኑን መውደቅ አብዛኛውን ክፍል ከለውጡ በፊት ከፍሎት ነበር። በእርግጥ በአንድ ጊዜ ዋጋቸው የዘለለው በይፋዊው ተመን ይገቡ የነበሩት፣ በተለይም ነዳጅና ማዳበሪያ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ 48 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሊትር ቤንዚን በመስከረም 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 91 ብር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

መንግሥት በአንጻሩ ውጤት ያገኘባቸው ነገሮችም አሉ። ቀድሞ በድብቅ ይወጣ የነበረ ወርቅ ወደ ብሔራዊ ባንክ መምጣት በመጀመሩ የ2017 በጀት ዓመት የሸቀጥ ወጪ ንግድ ከ8 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ በዓመቱ መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ወረደ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በቻይናና በፈረንሳይ የሚመራው የአበዳሪ መንግሥታት ኮሚቴ 8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ለማሸጋሸግ በመርህ ደረጃ ተስማማ፤ የመግባቢያ ሰነዱም በሰኔ ተፈረመ። ከቦንድ ባለቤቶች ጋር ያለው ድርድር ግን ከዚያም በኋላ ቀጥሏል።

በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን

የጋሞ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሚገኝ ሲሆን ዋና ከተማው አርባ ምንጭ ነው። ዞኑ ዶላር የሚያስገባ ትልቅ ፋብሪካ ወይም ማዕድን ስለሌለው፣ ቀውሱ ገንዘቡን በብር ብቻ የሚያገኝ ሕዝብ ጋር እንዴት እንደደረሰ ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው።

ሙዝ። በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ባለው ቆላ፣ እንደ ላንቴና ጫኖ ባሉ ቀበሌዎች፣ በመስኖ የሚመረተው ሙዝ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች በጭነት መኪና ይጫናል። ሙዙ የሚሸጠው በብር ነው። መኪናው ግን ናፍጣ፣ ጎማና መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ውኃ በሞተር የሚስብ ገበሬም ነዳጅ ይገዛል። ስለዚህ ሙዝ አዲስ አበባ ላይ ሲወደድ ጭማሪው በሙሉ ወደ ላንቴ አይመለስም፤ ከፊሉ በመንገድ ላይ ለነዳጅና ለጎማ ይቀራል። ከወጪ ንግድ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። የኬንያ ሻይ በሞምባሳ ጨረታ የሚሸጠው በዶላር ስለሆነ ሺሊንግ ሲዳከም የኬሪቾ ሻይ አምራች ብዙ ሺሊንግ ሊያገኝ ይችላል። የላንቴው ሙዝ አምራች እንዲህ ያለ መካሻ የለውም። በዚህ ረገድ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰለው የኬሪቾው ሳይሆን፣ ለናይሮቢ ገበያ ሙዝ የሚያመርተው የሜሩ ገበሬ ነው።

ሽመና። የዶርዜና የሌሎች ጋሞ አካባቢዎች ሸማኔዎች በመላው አገሪቱ ይታወቃሉ፤ ብዙዎቹም በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ይሠራሉ። የሸማኔው መሣሪያ ነዳጅም መብራትም አይፈልግም፤ ማጉም ብዙውን ጊዜ በሴቶች እጅ የሚፈተል ነው። ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነው፤ ለጥለት ከሚውሉት ባለቀለም ክሮች መካከልም ከውጭ የሚገቡ አሉ። የክር ዋጋ ሲጨምር ሸማኔው ክሩን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል፤ ጋቢውን ወይም ነጠላውን የሚሸጠው ግን ቆይቶ፣ ያውም የኑሮ ውድነት ለበዓል ልብስ የሚሆነውን ገንዘብ ላሳጠረበት ሰው ነው። በሌላ በኩል የብር መዳከም ከውጭ የሚገባውን በማሽን የተሠራ የጥበብ አምሳያ ስለሚያስወድድ ለእጅ ሥራው የተወሰነ ዕድል ይሰጣል።

እንሰት። በጨንቻና በሌሎች የጋሞ ደጋዎች እንሰት ዋና ምግብ ነው። ቆጮ ከጓሮ የሚገኝ፣ ዶላር የማይጠይቅ ምግብ በመሆኑ ቤተሰብን ከገበያ ንረት በከፊል ይጠብቃል። ከገዛው ስንዴና ዘይት ጋር የተያያዘ የከተማ ቤተሰብ ይህ መጠለያ የለውም። በአንድ ዞን ውስጥ ያለ የደጋ ገበሬና የሲቀላ ወይም የሴቻ ተከራይ ያንኑ ቀውስ እኩል አላዩትም።

ደመወዝተኛና ተማሪ። አርባ ምንጭ የዩኒቨርሲቲና የመንግሥት ሠራተኛ ከተማ ናት። ደመወዝ ከዋጋ ኋላ ስለሚመጣ የሠራተኛው ኑሮ ለዓመታት ተሸርሽሯል፤ የደመወዝ ማስተካከያ የተደረገው ከምንዛሪ ለውጡ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይናገራል፤ ጭማሪው ትልቅ ነው፤ ከጭማሪው በፊት ሦስት ጊዜ ለመመገብ የተመደበው 22 ብር ደግሞ ምን ያህል ከገበያ ርቆ እንደነበር ያሳያል።

ቱሪዝም። የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ፣ የጫሞ አዞዎችና የዶርዜ መንደር የዞኑ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ናቸው። ብር ሲዳከም ለውጭ ጎብኚ ጉዞው ይረክሳል። ነገር ግን ጎብኚ የሚመጣው ዋጋ አይቶ ብቻ አይደለም፤ ወረርሽኙና የአገሪቱ የጸጥታ ሁኔታ ለዓመታት አራቁት።

ንጽጽር፦ ማን ከፈለ?

ሁለቱን አገሮች «የከፈለች» እና «ያልከፈለች» ብሎ መለየት የተለመደ ነው። ከላይ የተዘረዘረው ግን ሌላ ሥዕል ይሰጣል። ሁለቱም ከፍለዋል፤ የተለያየው የሂሳቡ መድረሻ ነው።

በኬንያ ሂሳቡ በታክስ መልክ መጣ። ታክስ በረቂቅ ይታተማል፤ በፓርላማ ይነበባል፤ መጠኑ ይታወቃል። ስለዚህ ሕዝቡ የሚቃወመው ነገር በእጁ ነበረ፤ ተቃውሞውም ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት ረቂቁን አስቀርቷል። የቀረው ገንዘብ ግን ከበጀት ቅነሳና ከአዲስ ብድር መገኘት ነበረበት።

በኢትዮጵያ ሂሳቡ በዋጋ ንረትና በእጥረት መልክ መጣ። የዋጋ ንረት ማንም ድምፅ የማይሰጥበት ታክስ ነው። በደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ በአንድ ቀንም አይጀምርም። ከሁሉ ይበልጥ የሚከፍለው ደግሞ ገቢው በብር የሆነና ዋጋውን ራሱ መጨመር የማይችል ሰው ነው፦ ደመወዝተኛ፣ ጡረተኛ፣ የቀን ሠራተኛ። በይፋዊው ተመን ዶላር ማግኘት የቻለ ጥቂት ነጋዴ በተመኖቹ መካከል ባለው ልዩነት ሲያተርፍ፣ ወረፋው ያልደረሰው ሁሉ በትይዩው ዋጋ ይገዛ ነበር።

የዕዳ ክፍያን ማቆምም ነጻ አይደለም። የ1 ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ ዋና ገንዘብ በ57.5 ብር ሲሰላ 57.5 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ125 ብር ሲሰላ 125 ቢሊዮን ብር ነው። ዕዳው በዶላር ባይጨምርም፣ ታክሱን በብር ለሚሰበስብ መንግሥት ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሌላ በኩል ማሸጋሸጉ የሚሰጠው እፎይታ ኬንያ ያላገኘችው ነው፤ እርሷ በየዓመቱ ከምትሰበስበው ታክስ ትልቁን ድርሻ ለዕዳ ማዋሏን ቀጥላለች።

ቀውሱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ

ንጽጽሩ የሚያሳየው ዋና ነገር፣ አንድ አገር ዕዳዋን መክፈሏ ወይም አለመክፈሏ ብቻውን የሕዝቡን ኑሮ እንደማይወስን ነው። የሚወስነው ሸክሙ በየትኛው በር እንደገባና ማን ቀድሞ እንዳየው ነው። ኬንያዊው ሸክሙን በወቅቱ አይቶ ተከራከረበት፤ በደም የተከፈለ ክርክር ቢሆንም። ኢትዮጵያዊው ግን ተመኑ በይፋ ከመውደቁ ከዓመታት በፊት መክፈል ጀምሮ ነበር።

ለጋሞ ዞን የሚቀረው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ ይነሣል። አዲሱ የምንዛሪ ሥርዓት የሚጠቅመው ለውጭ ገበያ የሚሸጥ ነገር ላለው ነው። ሙዙ፣ የጨንቻ ፖምና የዶርዜ ጥበብ በብዛት የሚሸጡት በአገር ውስጥ ነው። እነዚህ ምርቶች በማቀዝቀዣ መጓጓዣ፣ በጥራት ደረጃና በቀጥታ ግብይት ወደ ውጭ ገበያ ካልደረሱ፣ አምራቾቻቸው የዶላርን መወደድ የሚያውቁት እንደ ገዢ ብቻ ይሆናል።